ክልል ሁለት ቁጥር ብቻ አይደለም፤ ስለ ሲኩዌንስ ክልሎች በሰፊው ለተሰራጨው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በባዮኢንፎርማቲክስ (የሥነ ሕይወት መረጃን በኮምፒውተር በሚተነትነው ዘርፍ) ተማሪዎችና በጀማሪ ተመራማሪዎች ዘንድ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የሰነበተ አንድ የአማርኛ ጽሑፍ አለ። ጉዳዩ በጂኖም (በአንድ ፍጡር ሙሉ የዲኤንኤ ቅደም ተከተል) ላይ «ከዚህ እስከዚህ» ብለን የምናመለክተውን ክልል በፕሮግራም ውስጥ እንዴት እንደምንይዘውና አንዱን ክልል ከሌላው ጋር እንዴት እንደምናነጻጽር ነው። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ፓይተን ከማስተምራቸው ወጣቶች ሦስቱ በተለያየ ቀን ልከውልኛል፤ ከመካከላቸው አንዱ «ጋሼ፣ እስካሁን የተማርነው ሁሉ ያለ ምክንያት የተወሳሰበ ነበር ማለት ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ይህን ምላሽ ያጻፈኝ የእርሱ ጥያቄ ነው።

በቅድሚያ ጸሐፊው ያሉትን ሳላዛባ ላስቀምጥ። ነጥቦቻቸው ስድስት ናቸው። ከአንድ ጀምሮ ሁለቱንም ጫፍ አካትቶ መቁጠር ተፈጥሯዊ ስለሆነ ፕሮግራሞቻችን ይህን ብቻ ይጠቀሙ ይላሉ። ክልል ሁለት ቁጥር ስለሆነ የራሱ የመረጃ ዓይነት (ታይፕ) ሊበጅለት አይገባም፣ ጥንድ ቁጥር ይበቃዋል ይላሉ። ሁለት ክልሎች መደራረባቸውን ለማወቅ የአንደኛው መነሻ ወይም መድረሻ በሁለተኛው ውስጥ መውደቁን መጠየቅ በቂ ነው ይላሉ። የእኩልነት ምልክቱ «ይደራረባል» የሚል ትርጉም ቢሰጠው ኮዱ ያጥራል ይላሉ። በማይነስ ስትራንድ (ከዲኤንኤ ሁለት ክሮች በተቃራኒ አቅጣጫ በሚነበበው) ላይ ያለ ክልል መነሻው ከመድረሻው በልጦ ይጻፍ ይላሉ። በመጨረሻም ክልሎችን በመነሻቸው ደርድሮ በየመሃሉ እየከፈሉ መፈለግ ለማንኛውም ሥራ ይበቃል ይላሉ።

ጽሑፉ በጠራ አማርኛ የተጻፈ ነው፤ ብዙ የማስተማሪያ ጽሑፎች ጀማሪውን ገና በመግቢያው የሚያደናግሩ መሆናቸውን መናገራቸውም እውነት ነው። እኔ የምከራከረው እንዲቀል የተደረገው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ሥራው ስለሆነ ነው።

ከመጀመሪያው ነጥብ ልነሳ። በአማርኛ «ከሰኞ እስከ ዓርብ» ስንል አምስት ቀን ማለታችን ነው፤ ዓርብን የሚያስቀር የለም። ስለዚህ ሁለቱም ጫፍ ዝግ የሆነው አቆጣጠር ለአፋችን የቀረበ ነው መባሉን እቀበላለሁ። የጂኖችን ቦታ የሚዘረዝረው ጂኤፍኤፍ ፋይል፣ የዲኤንኤ ልዩነቶችን የሚመዘግበው ቪሲኤፍ ፋይልና ጂንባንክ የተባለው የቅደም ተከተል ቋት መዝገብ የሚቆጥሩት በዚሁ መንገድ ነው፤ በአር ቋንቋ የሚሠሩ ሰዎች የሚያውቁት የባዮኮንዳክተር አይሬንጅስም እንዲሁ ነው። ይሁንና አንድ አቆጣጠር ለአፍ መቅረቡ ሌላው ከተፈጥሮ ውጭ መሆኑን አያሳይም። እኔ የምኖርበት ብሎክ ጂ ፕላስ ፎር ነው። አራተኛ ፎቅ ያለው ሰው ከግራውንድ ጋር አምስት ወለል እንዳለው ሕፃናቱም ያውቃሉ፤ ግራውንዱን ዜሮ ብለን ስንቆጥር የተደናገረ ነዋሪ አላየሁም። ከከተማው ዳር ቦታ ያጠረ ሰው ደግሞ ሌላም ነገር ያውቃል፤ አሥር ሜትር አጥር በየሜትሩ ቋሚ ሲቆምለት የሚገዛው ባሕር ዛፍ አሥራ አንድ ነው። በቋሚዎቹ መካከል ያለውን ቆርቆሮ የቆጠረ አሥር ያገኛል፣ ቋሚውን የቆጠረ አሥራ አንድ ያገኛል፤ ሁለቱም የቆጠሩት አንድ አጥር ነው።

ከዜሮ የሚነሳውና መጨረሻው ክፍት የሆነው አቆጣጠር ቋሚዎቹን መቁጠር ነው። ቁጥሩ የሚሰጠው ለቤዙ (ለአንዱ የዲኤንኤ ፊደል) ሳይሆን በሁለት ቤዞች መካከል ላለው ወሰን ነው፤ ዜሮ ማለት ከመጀመሪያው ቤዝ በፊት ያለው ወሰን ነው። ከወሰን 100 እስከ ወሰን 103 ያለው ክልል 101ኛውን፣ 102ኛውንና 103ኛውን ቤዝ ይይዛል፤ ርዝመቱም ያለ ምንም ማስተካከያ 103 ሲቀነስ 100፣ ማለትም 3 ነው። አንዱን ክልል ለሁለት ስንቆርጠው የፊተኛው መድረሻና የኋለኛው መነሻ አንድ ቁጥር ይሆናሉ። በዝጉ አቆጣጠር ግን ርዝመት በወሰድን ቁጥር አንድ መደመር፣ በቆረጥን ቁጥር አንድ መጨመር አለብን፤ እያንዳንዱ መደመር ደግሞ የሚረሳበት ቀን አለው። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ኤድስገር ዳይክስትራ እ.ኤ.አ. በ1982 ለዚሁ አቆጣጠር ሲከራከር ካነሳቸው ነጥቦች አንዱ የሁለቱ ጫፎች ልዩነት ርዝመቱን በቀጥታ መስጠቱ ነበር።

ዝጉ አቆጣጠር ይበልጥ የሚቸገረው ባዶ ክልል ሲመጣ ነው። በ10ኛውና በ11ኛው ቤዝ መካከል አዲስ ቁራጭ ገብቷል እንበል። በወሰን ቁጥር ይህ ከ10 እስከ 10 ነው፤ ርዝመቱ ዜሮ፣ ቦታውም የማያሻማ። በዝጉ አቆጣጠር ግን «ከ10 እስከ 10» አንድ ቤዝ ማለት ስለሆነ ሌላ ስምምነት መፈለግ ግድ ይላል፤ ስምምነቱም አንድ አልሆነም። የጂኤፍኤፍ 3 ደንብ ዜሮ ርዝመት ላለው ነገር መነሻና መድረሻው እኩል ይሁኑ፣ ቦታውም ከተጠቀሰው ቤዝ በስተቀኝ እንደሆነ ይታሰብ ይላል። እንግዲህ ሁለቱን ቁጥር ብቻ ያየ ሰው የአንድ ቤዝ ክልል ይሁን ወይም ባዶ ቦታ ሊለይ አይችልም። ኤንሴምብል የተባለው የጂኖም ቋት የቫሪያንት (የዲኤንኤ ልዩነት) መተንተኛ ደግሞ በራሱ የግቤት ዓይነት መነሻው ከመድረሻው በአንድ እንዲበልጥ ይጠይቃል። ሁለቱም ከአንድ የሚቆጥሩ፣ ሁለቱም ዝግ ናቸው። ጸሐፊው «ተፈጥሯዊ» ያሉት አቆጣጠር ለዚህ ጥያቄ ተፈጥሯዊ መልስ ቢኖረው ኖሮ ሁለት የተለያዩ መልሶች ባልተገኙ ነበር።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው የምሰጠው ትልቅ እውነት አለ። በአንድ ፕሮግራም ውስጥ አንድ አቆጣጠር ብቻ ይኑር ማለታቸው ፍጹም ትክክል ነው። የምንለያየው በውስጥ የትኛው ይሁን በሚለውና ሌላውን በመመኘት ማጥፋት ይቻላል በሚለው ላይ ነው። ክልሎችን የሚዘረዝረው ቤድ ፋይል ከዜሮ ይቆጥራል። የተነበቡ የዲኤንኤ ቁራጮች በጂኖሙ ላይ የገጠሙበትን ቦታ የሚይዘው የሳም ጽሑፍ ከአንድ ሲቆጥር የእርሱው የተጨመቀ መንትያ የሆነው ባም ግን ያንኑ መዝገብ ከዜሮ ቆጥሮ ያስቀምጣል። የካሊፎርኒያ ሳንታ ክሩዝ የጂኖም ብራውዘር በገጹ ላይ ከአንድ ቆጥሮ ያሳያል፣ በሰንጠረዦቹ ውስጥ ከዜሮ ቆጥሮ ይይዛል። ይህን ማንም በአዋጅ አይሽረውም። እኛ ደግሞ በሁለት አቆጣጠር መኖርን ከማንም በላይ እናውቅበታለን፤ ስልካችን 8 ሲል እኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እንላለን፣ ቀጠሮ ሲሰጠንም «በእኛ ነው በፈረንጅ?» ብለን እንጠይቃለን። ዓመት ስንጽፍ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. የምንለው ለዚሁ ነው። ለጂኖም ቁጥር የሚያስፈልገውም ይኸው ምልክት ነው፤ ፋይሉ ሲነበብ በበሩ ላይ ተጠይቆ መለወጥ፣ ሲጻፍም በበሩ ላይ ተመልሶ መለወጥ።

ይህን የምለው ዋጋውን ስለከፈልኩ ነው። ከዓመታት በፊት ይሠራ ከነበረ አንድ የጤፍ ምርምር ቡድን ጋር የመጨረሻ ፊደላቸው በትክክል በልዩነቱ ቦታ ላይ እንዲያርፍ የሚፈለጉ ፕራይመሮችን (ዲኤንኤ ሲባዛ መነሻ የሚሆኑ አጫጭር ቁራጮችን) የምነድፍ እኔ ነበርኩ። የልዩነቱን ቦታ ከቪሲኤፍ ወሰድኩ፤ ቪሲኤፍ ከአንድ ይቆጥራል። ቅደም ተከተሉን የቆረጥኩት በፓይተን ነው፤ ፓይተን ከዜሮ ይቆጥራል። አንድ መቀነስ ረሳሁ። ፕራይመሮቹ ከውጭ አገር በውጭ ምንዛሪ ታዝዘው ከሳምንታት በኋላ ደረሱ፤ የመጨረሻ ፊደላቸው ግን ከልዩነቱ ቀጥሎ ባለው ቤዝ ላይ ነበርና ሁለቱን ዓይነት ሳይለዩ ሁሉንም አበዙ። የዲኤንኤውን ጥራት ጠረጠርን፣ ኬሚካሉን ጠረጠርን፣ ማሽኑን ጠረጠርን። ቪሲኤፍ በራሱ ዓምድ ላይ በዚያ ቦታ መኖር ያለበትን የማጣቀሻ ቤዝ ይጽፋል፤ ያንን ፊደል እኔ ከቆረጥኩት ጋር የሚያነጻጽር አንድ መስመር ኮድ ቢኖር ስህተቱ በመጀመሪያው ቀን ይገለጥ ነበር። ዛሬ ተማሪዎቼ ማንኛውንም ኮድ ሲጽፉ በቅድሚያ ይህን እንዲያደርጉ እጠይቃለሁ፤ የማጣቀሻው ፊደል ይገጥማል ወይ? የቆረጥነው የጂን ፕሮቲን ሰጪ ክፍል መጀመሪያ ኤ-ቲ-ጂ ነው ወይ? ኢንትሮኖቹ (ከጂኑ ቅጂ ተቆርጠው የሚወጡት ክፍሎች) በአብዛኛው በጂ-ቲ ጀምረው በኤ-ጂ ያልቃሉ ወይ?

ሁለተኛው ነጥብ፣ ክልል ሁለት ቁጥር ብቻ ነው የሚለው፣ የጽሑፉ መሠረት ይመስለኛል። ሃምሳ መስመር ለማይሞላና በአንድ ክሮሞዞም ላይ ብቻ ለሚሠራ ኮድ ጥንድ ቁጥር እንደሚበቃ እስማማለሁ፤ እኔም አደርገዋለሁ። ከዚያ ባለፈ ግን ሁለቱ ቁጥሮች ብቻቸውን የትም አያደርሱም። ጤፍን እንውሰድ። ጤፍ ከሁለት ጥንታዊ ዝርያዎች የተወረሱ ሁለት ንዑስ ጂኖሞችን በአንድ ላይ ይዟል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው የዳቢ ዝርያ ጂኖምም ሃያ ክሮሞዞሞችን አሥሩን ኤ፣ አሥሩን ቢ ብሎ ለይቷል። በክሮሞዞም 1ኤ ላይ ያለ 5,000,000ኛ ቦታና በክሮሞዞም 1ቢ ላይ ያለ 5,000,000ኛ ቦታ ምንም አያገናኛቸውም። የክሮሞዞሙን ስም በሌላ ዝርዝር ውስጥ ለብቻው የያዘ ፕሮግራም አንድ ጊዜ ዝርዝሮቹን ለየብቻ ከደረደረ ስሙና ቁጥሩ ይለያያሉ። በጤፍ ላይ ደግሞ ጉዳቱ የከፋ ነው፤ የሁለቱ ንዑስ ጂኖሞች ጂኖች እርስ በርስ ስለሚመሳሰሉ ከተሳሳተው ክሮሞዞም የተገኘው ውጤት እንኳ ለዓይን ትክክል ሊመስል ይችላል።

የጂኖሙ እትም፣ ማለትም እየተሻሻለ የሚወጣው ማጣቀሻ ቅደም ተከተልም፣ አለ። የሰው ክሮሞዞም 1 በጂአርሲኤች 37 እትም 249,250,621 ቤዝ ርዝመት ነበረው፤ በጂአርሲኤች 38 ግን 248,956,422 ነው። የአንዱን ቁጥር በሌላው ላይ የተጠቀመ ሰው ስህተት መሥራቱን የሚነግረው ነገር የለም፤ ቁጥሩ በሁለቱም ውስጥ አለና። እንዲሁም አንዱ ፋይል ከክሮሞዞሙ ቁጥር በፊት የክሮሞዞምን አህጽሮት (chr) ሲጽፍ ሌላው ባዶውን ቁጥር ብቻ ይጽፋል። ሁለቱን ሳያስተካክል ያነጻጸረ ፕሮግራም «ምንም የተደራረበ የለም» ብሎ በሰላም ያበቃል፤ ይህ መልስ ደግሞ እውነተኛ ግኝት ሊመስል ይችላል። የራሱ ዓይነት የተበጀለት ክልል እነዚህን ሁሉ መከላከል የሚችለው ሲፈጠር ስለሚጠይቅ ነው፤ መነሻው ከዜሮ አላነሰም? ከመድረሻው አልበለጠም? መድረሻው ከክሮሞዞሙ ርዝመት አላለፈም? የሁለቱ ክልሎች እትም አንድ ነው? ካልሆነ ይቆማል። ባዮፓይተን የተባለው የፓይተን የሥነ ሕይወት ኮድ ስብስብ መነሻን፣ መድረሻንና ስትራንድን በአንድ ላይ የሚይዝ ዓይነት ያበጀው፣ ከጂንባንክ ሲያነብም ከመነሻው አንድ የሚቀንሰው፣ ሥራውን ለማወሳሰብ አይደለም። ይህ ሁሉ በፓይተን ከፈጠሩት በኋላ በማይለወጥ ዳታክላስ (የራስን የመረጃ ዓይነት በአጭሩ ማበጃ) ሃያ መስመር ያህል የሚፈጅ ሥራ ነው።

ሦስተኛው ነጥብ ላይ ጸሐፊው በቀጥታ ተሳስተዋል፤ ይህን ለማሳየትም አንድ ምሳሌ ይበቃል። በራሳቸው በዝጉ አቆጣጠር አንደኛው ክልል ከ100 እስከ 500፣ ሁለተኛው ከ200 እስከ 300 ይሁን። 100 በሁለተኛው ውስጥ ነው? አይደለም። 500ስ? አይደለም። ስለዚህ በእርሳቸው ፈተና አይደራረቡም፤ ሁለተኛው ግን ሙሉ በሙሉ በአንደኛው ሆድ ውስጥ ነው። ክልሎቹን ቦታ ብናለዋውጥ ይኸው ፈተና «ይደራረባሉ» ይላል። መደራረብ የሁለቱ የጋራ ነገር ሆኖ ሳለ መልሱ ማን ቀድሞ ተጠየቀ በሚለው ከተለወጠ ፈተናው ሌላ ነገር እየለካ ነው። ይህ ደግሞ እምብዛም የማይገጥም ሁኔታ አይደለም፤ ጂንና በውስጡ ያለው ኤክሶን (ተቆርጦ የማይወጣው የጂኑ ክፍል)፣ ረጅም ኢንትሮንና በውስጡ የተቀመጠ ሌላ ጂን፣ ሁሉም እንዲህ ናቸው።

ትክክለኛው መንገድ ጥያቄውን መገልበጥ ነው። ሁለት ክልሎች የማይደራረቡት መቼ ነው? አንዱ ሌላው ሳይጀምር ካለቀ ነው፤ ሌላ መንገድ የለም። ይህን ስናፈርስ በወሰን አቆጣጠር «የአንደኛው መነሻ < የሁለተኛው መድረሻ፣ እና የሁለተኛው መነሻ < የአንደኛው መድረሻ» የሚል ይወጣል። ሁለት ንጽጽር ብቻ ነው፤ ከእርሳቸው ፈተና ያጥራል። በዝጉ አቆጣጠር የሚሠራ ሰው ምልክቱን ≤ ማድረግ አለበት። ምልክቱን ያሳሳተ ሰው በክፍቱ አቆጣጠር ጎን ለጎን ያሉትን የተደራረቡ ያስመስላል፣ በዝጉ አቆጣጠር ደግሞ በአንድ ቤዝ ብቻ የሚነካኩትን ይስታል።

ማንም በእኔ ቃል እንዲያምን አልጠይቅም፤ ይህ በአሥር ደቂቃ የሚረጋገጥ ነው። ስድስት ቤዝ ብቻ ያለው ቅደም ተከተል እንውሰድ። ሰባት ወሰን ስላለው ባዶ ያልሆኑ ክልሎቹ 21 ናቸው፤ እያንዳንዱን ከእያንዳንዱ ጋር ብናጣምር 441 ጥንድ እናገኛለን። ለእያንዳንዱ ጥንድ የቤዞቹን ቁጥር አንድ በአንድ ዘርዝረን የጋራ ቤዝ መኖሩን እንይ፤ ይህ ዝግተኛ ነው፣ ግን አይሳሳትም። ሁለቱ ንጽጽሮች ያሉት ፈተና በ441ዱም ላይ ይገጥማል። የጸሐፊው ፈተና ግን በ35ቱ ላይ ይስታል፤ እነዚህም የመጀመሪያው ክልል ሁለተኛውን ከግራም ከቀኝም ተርፎ የሚይዝባቸው ናቸው። ባዶዎቹን ክልሎች ስንጨምር ግን የእኔም ፈተና ጥያቄ ይነሳበታል። ከ10 እስከ 10 ያለው ባዶ ቦታ ከ5 እስከ 20 ካለው ክልል ጋር በሁለቱ ንጽጽሮች መሠረት ይደራረባል፤ በቤዝ ቆጠራ ግን የጋራ ቤዝ የላቸውም። ከራሱ ጋርም አይደራረብም። በኤክሶን መሃል የገባን ቁራጭ ለሚፈልግ ሰው የመጀመሪያው መልስ ይጠቅመዋል፤ የተሸፈኑ ቤዞችን ለሚቆጥር ሰው አይጠቅመውም። ይህን ሳይወስን የተጻፈ ፈንክሽን ገና አላለቀም።

ከዚህም በላይ «ይደራረባል ወይስ አይደራረብም» የሚለው ብቻውን ጠባብ ጥያቄ ነው። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ጄምስ አለን እ.ኤ.አ. በ1983 እንዳሳየው በሁለት ባዶ ያልሆኑ ክልሎች መካከል ሊኖሩ የሚችሉት ግንኙነቶች 13 ናቸው፤ ከእነዚህ የጋራ ቤዝ ያለባቸው 9ኙ ናቸው። ዘጠኙን በአንድ «አዎ» መጠቅለል አንዳንድ ጊዜ ትክክል ነው፣ አንዳንድ ጊዜ ግን የምንፈልገውን ነገር ያጠፋል። መጠንም አለ። 1,000 ቤዝ ያለው ክልል 100,000 ቤዝ ባለው ውስጥ ቢወድቅ ትንሹ መቶ በመቶ ተሸፍኗል፤ ትልቁ ግን አንድ በመቶ ብቻ። እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ ጽሑፍ የተዋወቀው የክልል ማነጻጸሪያ ፕሮግራም ቤድቱልስ ካልነገሩት በቀር በአንድ ቤዝ መነካካትን እንደ መደራረብ ይወስዳል፤ የየትኛው ወገን ስንት በመቶ፣ ወይም የሁለቱም ወገን ተብሎ የሚጠየቅበት ምርጫም አለው። ትላልቅ የጂኖም ለውጦችን የሚያነጻጽሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ ከሁለቱም ወገን 50 በመቶ የሚጠይቁት በአንድ ቤዝ መነካካት ሁለቱን አንድ ለውጥ ስለማያደርጋቸው ነው።

አራተኛው ነጥብ የእኩልነት ምልክቱን ይመለከታል። ምኞታቸው ይገባኛል፤ «ይህ ክልል በዝርዝሩ ውስጥ አለ?» ብሎ በአንድ መስመር መጠየቅ ደስ ይላል። ነገር ግን እኩልነት ሰንሰለት አለው፤ ሀ ከለ ጋር፣ ለ ከሐ ጋር እኩል ከሆኑ ሀና ሐ እኩል መሆን አለባቸው። መደራረብ ይህ ጠባይ የለውም። ሀ ከ0 እስከ 100፣ ለ ከ80 እስከ 200፣ ሐ ከ150 እስከ 300 ይሁኑ። ሀ ከለ ጋር፣ ለ ከሐ ጋር ይደራረባሉ፤ ሀና ሐ ግን አይተዋወቁም። አሁን እነዚህን ሦስቱን ድግግሞሽ በማይቀበል ስብስብ ውስጥ እናስገባቸው። ለ ቀድሞ ከገባ ሀም ሐም «አሉ» ተብለው ይመለሳሉ፤ ስብስቡ አንድ ክልል ብቻ ይይዛል። ሀና ሐ ቀድመው ከገቡ ግን ሁለቱም ይገባሉ፣ ለ ይመለሳል፤ ስብስቡ ሁለት ይይዛል። መረጃው ያው ሆኖ የፋይሉ መስመር ቅደም ተከተል ስለተለወጠ ብቻ የጂኖቹ ቁጥር ተለወጠ ማለት ነው። ፓይተን ራሱ እኩል የሆኑ ነገሮች እኩል የሃሽ ቁጥር (ስብስቡ ነገሮችን ቶሎ ለማግኘት የሚጠቀምበት ቁጥር) እንዲኖራቸው ይጠይቃል፤ ይህን ለማክበር ደግሞ ክልሎች በሰንሰለት ስለሚያያዙ ሁሉም አንድ ዓይነት ሃሽ መስጠት ሊኖርባቸው ነው፤ ያኔ ስብስቡ ፍጥነቱን ሁሉ ያጣል።

እኩልነት እኩልነት ይሁን፤ ስሙም፣ ስትራንዱም፣ ሁለቱም ጫፍ ሲገጥም። መደራረብ በስሙ ይጠራ፣ ማካተትም በስሙ፣ መጎራበትም በስሙ። በፐርል ቋንቋ የተጻፈው የሥነ ሕይወት ኮድ ስብስብ ባዮፐርል ይህን ያደረገው ከብዙ ዓመታት በፊት ነው፤ ለመደራረብ፣ ለመያዝና ለእኩልነት ለየብቻ ፈንክሽን አለው። ለእያንዳንዱም ስትራንድ እንዴት ይታይ ለሚለው ሦስት ምርጫ ይሰጣል፦ ሁለቱ የግድ አንድ ይሁኑ፣ አንድ ይሁኑ ወይም አንደኛው ያልታወቀ ይሁን፣ አልያም ስትራንድ ከነጭራሹ አይታይ። ተማሪዎቼ ስትራንድን አለመርሳትን የሚማሩት ከዚህ ሦስት ምርጫ ነው።

አምስተኛውን ነጥብ በአጭሩ ልለፈው። ተመሳሳይ ቅደም ተከተሎችን የሚፈልገው ፕሮግራም ብላስት በሰንጠረዥ ውጤቱ ላይ በማይነስ ስትራንድ የተገኘን ነገር መነሻውን ከመድረሻው አስበልጦ እንደሚጽፍ እውነት ነው፤ ጸሐፊው ሐሳቡን ከባዶ አላመጡትም። ጂኤፍኤፍ 3 ግን መነሻው ከመድረሻው እንዳይበልጥ ያዛል፣ ስትራንዱንም በራሱ ዓምድ ይጽፋል። የጸሐፊውን መንገድ የሚጥለው ክብ የሆነው ዲኤንኤ ነው። የሰው ሚቶኮንድሪያ ዲኤንኤ 16,569 ቤዝ ያለው ክብ ሲሆን የመቆጣጠሪያ ክልሉ ከ16,024 ተነስቶ መቁጠሪያውን ዜሮ ነጥብ አልፎ በ576 ያበቃል፤ ርዝመቱ 1,122 ቤዝ ነው። በጸሐፊው ደንብ ይኸው ክልል በማይነስ ስትራንድ ላይ ያለ 15,449 ቤዝ ሆኖ ይነበባል። አንድ ምልክት ሁለት ትርጉም ሊሸከም አይችልም። ጂኤፍኤፍ 3 ለዚህ የክቡን ርዝመት በመድረሻው ላይ ደምሮ ይጽፋል፤ ጂንባንክ ደግሞ ሁለት ቁራጭ አድርጎ ያያይዛቸዋል።

የቀረው ስድስተኛው ነው። ክልሎቹ እርስ በርስ የማይደራረቡ ከሆኑ፣ ለምሳሌ የአንድ ትራንስክሪፕት (ከጂን የተቀዳ አር ኤን ኤ) ኤክሶኖች ከሆኑ፣ በመነሻ ደርድሮ በየመሃሉ መክፈል ትክክልም ፈጣንም ነው። ጥቂት መቶ ክልል ላለው ሰው ደግሞ ሁሉንም ከሁሉም ጋር ማነጻጸር ራሱ ይበቃል። ነገር ግን በመነሻ የተደረደረ ዝርዝር በመድረሻ የተደረደረ አይደለም። ከ0 እስከ 10,000 የሚዘረጋ አንድ ረጅም ጂን አለ እንበል፤ ከእርሱ በኋላ ከ100 እስከ 200፣ ከ300 እስከ 400 እያሉ የሚሄዱ ብዙ አጫጭር ክልሎች አሉ። ከ9,000 እስከ 9,100 ያለውን የሚፈልግ ፕሮግራም በዝርዝሩ መጨረሻ አካባቢ ይወድቃል፣ ጎረቤቶቹን ያያል፣ ባዶ እጁን ይመለሳል፤ መልሱ ግን በዝርዝሩ የመጀመሪያ መስመር ላይ ነበር። ቀላሉ መድኃኒት እያንዳንዱ መስመር ላይ እስከዚያ ድረስ የታየውን ትልቁን መድረሻ መጻፍና ወደ ኋላ ሲመለሱ የት ማቆም እንደሚቻል በእርሱ ማወቅ ነው። ክልሎችን ቶሎ ለመፈለግ የተበጀ የኢንተርቫል ዛፍም አለ። ሁለቱም ዝርዝሮች የተደረደሩ ከሆነ ደግሞ በአንድ ጊዜ ጎን ለጎን እየጠረጉ መሄድ ይቻላል። 70,000 ጂን ከ1,000,000 ልዩነት ጋር በድርብ ዑደት የሚያነጻጽር ሰው 70 ቢሊዮን ንጽጽር ይጠብቀዋል፤ በከተማው ዳር መብራት በሚቆራረጥበት ሠፈር በአንድ ላፕቶፕ ለሚሠራ ወጣት ይህ የአንድ ሌሊት ሥራ መጥፋት ነው።

ሌላው መንገድ ክሮሞዞሙን በየደረጃው በተከፋፈሉ ሣጥኖች ማደራጀት ነው፤ የባም ፋይል መጠቆሚያ እስከ 16,384 ቤዝ ድረስ የሚያንሱ 37,449 ሣጥኖችን የሚጠቀመው በዚህ መንገድ ነው። እርሱም ወሰን አለው፤ ከ536,870,912 ቤዝ በላይ የሚረዝም ክሮሞዞም ሊጠቁም አይችልም። ለሰው ይህ ተርፎ ይበቃል። ለስንዴ ግን አይበቃም፤ እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመው የዳቦ ስንዴ ማጣቀሻ ጂኖም ክሮሞዞም 3ቢ ብቻውን ከ800 ሚሊዮን ቤዝ በላይ ነው። በስንዴ ላይ የሚሠራ ሰው ሲኤስአይ የተባለውን ሌላ መጠቆሚያ መምረጥ አለበት። ጤፍንም ስንዴንም በምናጠናበት አገር «ለማንኛውም ሥራ ይበቃል» የሚል ዐረፍተ ነገር ሲጻፍ ስንዴ መታወስ ነበረበት።

ለጠየቀኝ ወጣት የሰጠሁት መልስ ይህ ነው፦ በመጪው ቅዳሜ የጸሐፊውን ኮድ በራሳቸው ጥሩ ስያሜዎች እንደያዘ እንከፍታለን፣ መለወጫዎቹን በበሩ ላይ እናስቀምጣለን፣ የመደራረብ ፈተናውን እንተካለን፣ 441ዱን ጥንድ እናስሮጣለን፣ ባዶዎቹን ክልሎች በተመለከተ እነርሱ ራሳቸው ተከራክረው ይወስናሉ። የወሰኑትን ከነምክንያቱ ለጸሐፊው እንልክላቸዋለን።